አምስተኛው ጎል ሲገባ

መስከረም 2017 ዓ.ም ነው። ግቢው ገና አልሞላም። ቀደም ብለን የገባን ልጆች አንድ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን በአንድ ስልክ ውጤት እንከታተላለን። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ ጋር የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የመልስ ጨዋታውን ዛንዚባር ላይ ያደርጋል። አዲስ አበባ ላይ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ 1 ለ 0 ተሸንፎ ነው የሄደው። «አንድ ጎል ምን አላት፣ ትገለበጣለች» እያልን ነበር የተቀመጥነው። አልተገለበጠችም። ጎሉ እየተከታተለ ይገባ ጀመር። አምስተኛው ሲገባ ከመካከላችን አንዱ ከአልጋው ዘሎ ተነሣና «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ።

ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። ስልኩን አሳየን። ትኬቱ ላይ «ኦቨር 4.5» ይላል። አምስት ጎል ከገባ ይበላል፤ ማን እንዳገባው ለውጥ የለውም። ጨዋታው 6 ለ 0 አለቀ።

የጮኸው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር። ስንት እንደበላ ሲነግረን እኛም ሳቅን። ወጥቶ ለስላሳና ብስኩት ገዝቶ መጣ፣ ተካፍለን በላን፣ ጠጣን። «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣማ አይተናል። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት ስንወጣ አንዱ ጫማውን እያሰረ «ትናንት ግን ማን ነበር የተሸነፈው?» አለ። ለቀልድ ያለው መስሎን ነበር። ቀና ብለን ፊቱን ስናይ ቀልድ አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው እኛ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምንማር፣ የአንድ ዶርም ልጆች ነን። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ፣ ከወንጂና ከዚሁ ከአዳማ ነው የመጣነው። ሁላችንም ግማሽ ቀን መድረሳ፣ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን ነን። ሁላችንም ኳስ እንወዳለን። ኳስ መውደዳችንን ለመከላከል አይደለም የምንጽፈው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ፈረስ ማሽቀዳደማቸውን ገና በልጅነታችን ነው የተማርነው። የምንጽፈው ስለ ውርርድ ነው። ሐራምነቱን ለማስረዳትም አይደለም፤ ቁማር በሱረቱል ማኢዳህ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ መጠራቱን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ አይኖርም። ማወቃችን ግን ያንን ብስኩት ከመብላት አላዳነንም። ስለዚህ ነገሩን በሌላ በር እንግባበት።

ስምንት ዓመት ወደኋላ እንመለስ። 2010 ዓ.ም ነው።

በዚያ ዓመት ወላይታ ድቻ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአህጉር መድረክ ተሳተፈ። ውድድሩ የካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ነው። የሀገር ውስጥ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያነሣ ክለብ የሚገባበት፣ ከቻምፒየንስ ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚል ውድድር ነው። ድቻ መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አሳለፈ። ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነው። ዛማሌክ ማለት የአፍሪካን ትልቁን ዋንጫ 5 ጊዜ ያነሣ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለፍጻሜ የደረሰ የካይሮ ክለብ ነው። ከሶዶ የመጣ ቡድን ምን ሊያደርገው ይችላል? የሠፈራችን ትልልቅ ሰዎች ግምት «በደርዘን» የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሀዋሳ ላይ ተደረገ። ሀዋሳ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ መቂን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔን አልፎ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው፤ ከሻሸመኔ ሚኒባስ የያዘ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ይደርሳል። ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። ደስ ቢለንም የታመነ አልነበረም። አንድ ጎል በሜዳህ ገብቶብህ ካይሮ መሄድ ምን እንደሆነ ልጆችም ብንሆን እናውቃለን፤ ዛማሌክ 1 ለ 0 ቢያሸንፍ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባው ጎል ያልፋል።

ከመልሱ ጨዋታ በፊት ባቱ መድረሳ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ልጅ «ዛማሌኮች ሙስሊሞች ናቸው፣ ስማቸውም እንደኛ ነው፤ ለምን እነሱን አንደግፍም?» አለ። ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ጎል ሲያገቡ ሱጁድ የሚወርዱትን ግብጻውያን በቴሌቪዥን አይተናል፤ የዚያን ዓመት ደግሞ ሞሐመድ ሳላህ ሊቨርፑል ገብቶ ዓለሙን ሁሉ ያስጨበጨበበት ዓመት ነበር፣ የግማሻችን ማሊያ ጀርባ ላይ በማርከር 11 ቁጥር ተጽፏል። ክርክሩ ሲከር ኡስታዛችን ዘንድ ቀረበ። ኡስታዝ ሉሑን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱና «የጎረቤትህ ልጅ ሲዳር፣ አንተ ካይሮ ሰርግ ትሄዳለህ?» አሉት። ሳቅን። ክርክሩ በዚያው አለቀ። ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ይኸው ጥያቄ አንዳንዴ ይነሣል፤ ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘንለትም።

መጋቢት ላይ የመልሱ ጨዋታ ደረሰ። ከመካከላችን ያኔ ባቱ የነበርነው ጸጉር ቤት ውስጥ ሆነን በሬዲዮ ነው የሰማነው። ዛማሌክ 2 ለ 1 አሸነፈ። ድምር ውጤት 3 ለ 3፣ ከሜዳ ውጪም አንድ አንድ ጎል። የሚበላልጡበት ነገር የለም። ጭማሪ ሰዓት ሳይኖር በቀጥታ ወደ መለያ ምት ተሄደ። ጸጉር ቆራጩ ማሽኑን አጠፋ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ጸጉራቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ እንዳለ ነው፤ «ቀጥል» አላሉም። በሩ ላይ ባጃጅ ያቆመ ሹፌር፣ ከጎን ያለው የፍራፍሬ ነጋዴ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ አባቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ቆመው ያዳምጣሉ። ድቻ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። ሰውዬው በግማሽ ጸጉር ተነሥተው እኛን ልጆቹን አቀፉ። ማን መሆናቸውን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህ ለሀገራችን እግር ኳስ ከሰማይ የወረደ ነገር አልነበረም። ገና የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ በ1957 ዓ.ም አክራ ላይ ሲጠናቀቅ ከመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ በእኛ ከተማ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ማዶ ያሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም ኢትዮጵያ ቡና አል አህሊን ከሜዳ ውጪ ባገባው ጎል ጥሎታል። በ2009 ዓ.ም ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ክለቦች ቀዳሚ ሆኖ የቻምፒየንስ ሊጉ ምድብ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ውስጥ ስንቱን ያውቁ እንደሆነ ባለፈው ሴሚስተር የዶርማችንን ወለል ዞረን ብንጠይቅ የድሬዳዋውን ቡድን የሰማ አንድም አልተገኘም። የማንቸስተር ሲቲን ተጠባባቂ በረኛ ስም ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ድቻ ከዚያ በኋላ የደረሰው ያንግ አፍሪካንስ ነው፤ ያው ያንጋ። ከቻምፒየንስ ሊጉ ወድቆ ወደዚህኛው ዋንጫ የወረደ ቡድን ነበር። ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ ሀዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ በድምር 2 ለ 1 ወደቀ። በአንድ ጎል ብቻ። የጣለው ዛማሌክ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ይኸንኑ ዋንጫ አነሣ።

እንግዲህ ያው ያንጋ ነው ከሰባት ዓመት በኋላ ዶርማችን ውስጥ «አልሐምዱሊላህ» ያስባለን። በ2010 በያንጋ አንድ ጎል ተበልጠን ስንወድቅ ከመካከላችን ያለቀሰ ነበር። በ2017 ሰባት ጎል ተበልጠን ለስላሳ ጠጣን።

በዚህ መሐል ምን ተለወጠ? ብዙ ነገር ተለውጧል፤ እኛም አድገናል፣ ክለቦቻችንም ተዳክመዋል ይባል ይሆናል። እኛ ግን አንዱን ብቻ እንጠቅሳለን። በ2010 ያ ጸጉር ቤት ውስጥ ትኬት የቆረጠ አልነበረም። በከተማችን ያኔ ቤቲንግ ቤት የሚባል ነገር አላየንም። ሰውዬው ያቀፉን ገንዘብ ስለበሉ አልነበረም። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነገሩ ሁሉ ይህ ነው፦ ሁለት ጨዋታ አለህ፣ ወይ ታልፋለህ ወይ ትወድቃለህ፣ አንተ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ በኩል ቆመሃል። ቲኬት ኪስህ ሲገባ የቆምክበት ቦታ ይጠፋል። በኮርነር ብዛት፣ በቢጫ ካርድ ቁጥር፣ በጎል ድምር ላይ ነው የቆምከው። ሀገርህ ስድስት ቢገባባት ያዋጣህ ይሆናል።

ይህን የምንለው ከሩቅ ሆነን አይደለም። ከስድስታችን ሦስታችን ቆርጠናል። አንዳችን አንድ ጊዜ 3 ሺህ ብር በልቶ ሰድቃ አውጥቷል፣ «ለማጽዳት»። ያንን ወሬ ስናወራው ዛሬ እንስቃለን፤ ያኔ ግን በቁም ነገር ነበር የተከራከርንበት።

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነንና ሒሳቡንም እናስቀምጠው። ሁላችንም ፕሮባቢሊቲ ወስደናል፤ ኤ ያመጣም አለ፣ እሱም ይቆርጣል። አንድ ጨዋታ ላይ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል እንበል፣ ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው፤ እንደ ሳንቲም ውርወራ። ቤቱ ባይበላህ ኖሮ ኦዱ 2.00 መሆን ነበረበት፤ 100 ብር አስይዘህ ብታገኝ 200፣ ብታጣ ባዶ። ግን ትኬትህን አውጥተህ እየው፤ ለሁለቱም 1.85 ነው የተጻፈው። ስታገኝ 185 ነው የምትወስደው። ይህንን ብዙ ጊዜ ብትደጋግመው ከእያንዳንዱ 100 ብር የሚመለስልህ በአማካይ 92 ብር ከ50 ነው። ሰባት ብር ተኩል ኳሱ ሳይነካ ሄዷል። ይህ የአንዱ ጨዋታ ነው።

ተማሪ ግን አንድ ጨዋታ አይቆርጥም። አምስት ያያይዛል፣ «ኦዱ እንዲያድግ»። አምስቱን ስታያይዝ 100 ብርህ 2,167 ብር ይሆናል ይልሃል፤ ዓይን ይስባል። ሁሉም የመምጣት ዕድሉ ግን ከ32 አንድ ነው። በአማካይ የሚመለስልህ 67 ብር ከ70 ሳንቲም። አሥር ብታያይዝ 47 ሺህ ብር ገደማ ያሳይሃል፤ ዕድሉ ከ1,024 አንድ፣ በአማካይ የሚመለሰው 46 ብር ገደማ። ማለትም ትኬቱ ይበልጥ ባማረ ቁጥር ከኪስህ የሚወሰደው ይበልጥ ይበዛል። ግብሩን ገና አላነሣንም። «እኔ እኮ ጨዋታውን አጥንቼ ነው» የሚል ወንድም አለ። ኦዱን ያወጣውም አጥንቶ ነው፤ ከሱ የበለጠ ኮምፒዩተርና ሰው አለው፣ ፈጅርም አያመልጠውም።

ስለ ፈጅር ካነሣን፣ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ በእኛ ሰዓት ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ጭማሪና መለያ ምት ካለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ያልቃል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ አናስረዝመው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ወንድማችን አለ። ስሙን አንጠራም፤ የመጣበትን ሠፈርም እንለፈው። አባቱ በስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ዳር በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ነው። የዚያ አካባቢ ልጅ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ዓመት ኪሎው ዋጋ አለው፣ በሌላው ዓመት ቲማቲሙ ከነሣጥኑ መንገድ ዳር ይደፋል። ባለፈው ዓመት ዋጋ ደህና ነበርና አባትየው ለላፕቶፕ መግዣ 14 ሺህ ብር ላኩለት። ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ትንሽ ይጎድላል። ወንድማችን የጎደለውን በሩብ ፍጻሜው ሊሞላው አሰበ።

መጋቢት 30 ቀን 2017፣ አርሴናል ከሪያል ማድሪድ። ወንድማችን የአርሴናል ደጋፊ ነው፤ ከመድረሳ ጊዜው ጀምሮ። ትኬቱ ግን «ማድሪድ አይሸነፍም» ይላል። ማድሪድ በዚያ ውድድር አይሸነፍማ! አርሴናል 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱን ጎሎች ዴክላን ራይስ በቅጣት ምት አስቆጠራቸው። የዚያን ሌሊት ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጮኸ፤ አርሴናል የማይደግፈውም ጮኸ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ የአርሴናል ማሊያ ለብሶ ዝም ብሎ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነበር። ገንዘቡ በአንድ ሌሊት አላለቀም። የቀረውን ደግሞ የተበላውን ለማስመለስ በሳምንቱ ጨረሰው። ከዚያ ብድር ጀመረ። ከእህቶቻችንም «ለመጽሐፍ» እያለ የተበደራቸው አሉ። ስለዚህ እህቶች፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ።

ጀመዓው ሲሰማ ምን አደረግን? ሐለቃ ላይ ርዕስ አደረግነው። ስም አልተጠራም። ግን «ከመካከላችን ቁማርተኛ እያለ ዱዓችን እንዴት ይሰማል» ተባለ፣ አንገቶች ዞሩ፣ እሱም አየ። ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ለሶላት ሲመጣ አላየነውም። ወሬውን ለሐለቃው ያደረስነው እኛ ነን፤ የዶርሙ ልጆች። የዚያን የመስከረም ብስኩት የበላንም እኛው ነን። ለመምከር የቸኮልነው ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያዝ የሌሎቻችን ጉዳይ የተሸፈነ ስለመሰለን ይመስለናል። ይህን ጽፈን ለማውጣት ብዙ ተከራክረናል፤ ሁለታችን ይቅር ብለን ነበር።

በሚመከርበት ሰዓት የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባን። ውርርድ ሐራም ነው ተባለ፤ እውነት ነው። ወደ ዲኤስቲቪ ቤት አትሂዱ ተባለ፤ እሺ። የት እንሂድ ግን? አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ማታ ከላይብረሪ ሲወጣ ከግቢው በር ውጪ ብርሃን ያለበት፣ ሰው የሞላበት፣ ወንበር የሚሰጡህ፣ ስምህን የሚያውቁህ ቦታ ቤቲንግ ቤቱ ከሆነ፣ ስብከታችን ከዚያ ወንበር ጋር ነው የሚወዳደረው። አሁን ደግሞ ወንበሩም አያስፈልግም፣ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቆርጣል። አጠገቡ የተኛነው እኛ አናውቅም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ማኅበራችን ኳስን ለቤቲንግ ቤቱ ለቆለታል፤ ማስመለስ አለበት። ነውር እንደሆነ ነገር ከጓሮ እየሰማን መኖር የለብንም።

እንዴት የሚለውን ስንነጋገር ብዙ ሐሳብ ተነሥቷል፤ ግማሹ የማይሆን ነው። (አንዱ የራሳችንን ዲኤስቲቪ እናስገባ ብሎ ወርሃዊ ክፍያውን ሲሰማ ዝም አለ።) የሚሆነው ግን ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን ስታዲየም ሲደረጉ አይተናል። ከዶርም በእግር የሚደረስበት ሜዳ ላይ የሀገሪቱ ትልቁ ሊግ እየተካሄደ፣ እኛ በዚያው ሰዓት ስለ እንግሊዝ አራተኛ ደረጃ ቡድን ስንከራከር ነበር። ገብተን ማየት እንችላለን፤ አስርን ሰግደን፣ አብረን፣ ለምንደግፈው እየጮኽን። አዳማ ከተማን የሚደግፍ አለ፣ መድንን የሚደግፍ አለ፣ ከሀዋሳ የመጡ ልጆች አሉ፤ ሙስሊም ያልሆኑ የክፍል ጓደኞቻችንም አሉ፣ እነሱም ቢመጡ ያ ጸጉር ቤት ውስጥ እንደነበረው ይሆናል። ድቻ የደረሰበት የአፍሪካ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ሜዳ ነው።

ክለቦቻችን ለአፍሪካ ሲወጡ ደግሞ ጨዋታውን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እንይ። የቅድመ ማጣሪያው ጨዋታ በዓመት ጥቂት ነው። ሌሊት የሚያስመሽ አይደለም። ትኬት የቆረጠ ሰው እንዳይገባ በር ላይ አንፈትሽም፤ ይግባ። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያድርግ።

ስለ ብድሩም አንድ ነገር እንጨምር። በቁማር ዕዳ የገባ ወንድም ማኅበሩ ውስጥ ማንን ነው የሚያማክረው? ዛሬ ማንንም። ሊሰማ የሚችል፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሐለቃ ላይ የማያወጣ አንድ ታላቅ ወንድም ይመደብ። ለእህቶችም አንዲት እህት። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ተለይቶ ለቀርደል ሐሰን ይቀመጥ፤ ያለ ወለድ፣ ያለ ወሬ፣ ለአበዳሪው በቀጥታ የሚከፈል፣ ለተበዳሪው በእጁ የማይሰጥ። ገንዘቡ ተመልሶ ቤቲንግ ቤት ይገባል ብሎ የሚሰጋ ካለ ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ነው «በቀጥታ» ያልነው። «ቁማርተኛን ማበረታታት ነው» የሚል ካለ ደግሞ መልስ አለን፣ ግን ያንን መልስ ከመስጠታችን በፊት በመስከረም ብስኩቱን ስንበላ የት እንደነበረ እንጠይቀዋለን።

ያ ወንድማችን ተመልሷል። እኛ አይደለንም የመለስነው። አንድ የአምስተኛ ዓመት ወንድም ነው፤ ምንም ሳይለው በየቀኑ ከመግሪብ በፊት ዶርሙ በር ላይ እየመጣ «ና እንሂድ» ይለው ነበር። ሁለት ሳምንት እምቢ አለው። አንድ ቀን ወጣ። ላፕቶፑን አልገዛም። አባቱ እስካሁን ገዝቷል ብለው ነው የሚያስቡት፤ ይህንን በራሱ አፍ መቼ እንደሚነግራቸው የሱ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብቦታል። «አርሴናል ደጋፊ መሆኔን አውጡት፣ ያስቃሉ» አለን። አላወጣነውም፤ እሺ ያለው ኋላ ላይ ነው፣ ያውም የመቂውን ልጅ የቼልሲ ደጋፊነትም እንድንጽፍ አስገድዶን። ይኸው ጽፈናል።

የሚቀጥለው የአፍሪካ ጨዋታ ሲደርስ ቀኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። ፕሮጀክተር ከአንድ ዲፓርትመንት ለመዋስ ቃል ተገብቶልናል። ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግን የለንም፤ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።